ዜና ምርጫ ዘጅግጅጋ ወዘሽንሌ

በ1986 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ የካቲት፣ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ባለችው በሁርሶ የሶማሌ ሽማግሌዎችና ምሁራን ተሰበሰቡ። በየጎሳው ተከፋፍለው የነበሩ ድርጅቶችም አንድ ሆነው የኢትዮጵያ ሶማሌ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ተባሉ። ሊቀ መንበራቸው ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ሚኒስትር የነበሩ፣ በ1988 ክረምት ነፍሰ ገዳዮች ተኩሰው አቁስለዋቸው በፈጣሪ ቸርነት የተረፉ ሰው ነበሩ።

ከዚያ አስቀድሞ በሶማሌ ክልል ምርጫ ያሸነፈው የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ነበረ፤ የክልሉ መቀመጫም ጎዴ ነበረች። የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ነገር በተነሣ ጊዜ ግን ከማዕከሉ ጋር ተጣላ። በ1987 ሊጉ አሸነፈ፤ የክልሉ መቀመጫም ወደ ጅግጅጋ ዞረ። በ1990 ሊጉና ከኦብነግ የተለዩት ተዋሕደው የሶማሌ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ሆኑ።

በዚያ ዘመን አገሪቱን የሚገዛው ኢሕአዴግ ነበረ፤ ከተማሪዎች ንቅናቄ የወጣ፣ በግራ ትምህርት ያደገ፣ በጭቁኖች ስም የሚምል ግንባር። አባላቱ አራት ብቻ ነበሩ። የጅግጅጋው ፓርቲ ከአፋር፣ ከቤኒሻንጉል፣ ከጋምቤላና ከሐረሪ ፓርቲዎች ጋር «አጋር» ተባለ። አጋር በምክር ቤት እጁን ያወጣ ነበር፤ የአገሩ መንገድ በሚቆረጥበት በግንባሩ ጉባኤ ግን ድምፅ አልነበረውም። ስለ ጭቁን የሚናገር ፓርቲ አርብቶ አደሩን ከደጅ ማስቀመጡ በደል ነበር፤ ይህንም ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላም አገር ሆኗል። የአሜሪካ ዴሞክራቶች የሠራተኛው ፓርቲ ነን ሲሉ፣ በቴክሳስ ጥቁሮችን ከዕጩ መምረጫቸው ያገልሉ ነበር፤ ይህን የሻረው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1936 ዓ.ም. ፍርድ ነው። በነሐሴ 1956 ደግሞ ፋኒ ሉ ሄመር የተባለች የሚሲሲፒ የእርሻ ሠራተኛ ከባልንጀሮቿ ጋር የሚሲሲፒን ወንበር ልትጠይቅ ወደ ፓርቲው የአትላንቲክ ሲቲ ጉባኤ መጣች። ስሟን በመራጭነት ልታስመዘግብ ስለ ሞከረች ከሥራዋ መባረሯን፣ በእስር ቤት መገረፏን በሕዝብ ፊት ተናገረች። ፓርቲው 2 ወንበር ሰጣቸው፤ እነርሱ ግን አንቀበልም አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት የሚሲሲፒ ቡድን በቺካጎ ጉባኤ በወንበሩ ተቀመጠ።

የጅግጅጋ ሰው ግን ከ20 ዓመት በላይ ጠበቀ። የምርጫው ቀን እንኳ ለብቻው ነበረ። በ1992 ሌላው አገር ግንቦት 6 ሲመርጥ ሶማሌ ነሐሴ 25 መረጠ፤ በ1997 ሌላው ግንቦት 7፣ ሶማሌ ነሐሴ 15። ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌዎች ከሽንሌና ከኤረር ሜዳ ወጥተው ጣታቸውን በቀለም ሲነክሩ፣ የአዲስ አበባው ወንበር በማን እጅ እንደሚቀር ታውቆ ነበር። በ2007 ቀኑ አንድ ነበረ፤ ግንባሩና አጋሮቹ ግን 547ቱንም መቀመጫ ወሰዱ።

በሐምሌ 2010 መጨረሻ በጅግጅጋ ደም ፈሰሰ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሱቆች ተዘረፉ፤ የክልሉ ፕሬዚዳንት አብዲ መሐመድ ዑመርም ከሥልጣን ወረደ። በ2012፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በግንባሩ ምትክ ብልጽግና ፓርቲ ተመሠረተ፤ የአጋርነት ስም ቀረ። በ2013 ሌላው አገር ሰኔ 14 ሲመርጥ የሶማሌ ምርጫ እንደ ገና ተላለፈ፤ አቤቱታ በዝቶ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱም ጉድለት ተገኝቶበት ነበርና። መስከረም 20 ቀን 2014 ድምፅ ሲሰጥ ኦብነግ ከውድድሩ ወጥቶ ነበር፤ ብልጽግናም አሸነፈ።

እናንተ የምርጫ ቦርድ ሹማምንት፣ ለሚመጣው ምርጫ የጅግጅጋን ቀን ከአዲስ አበባ ቀን አትለዩት። እናንተም የፓርቲ መሪዎች፣ ለሽንሌ አርብቶ አደር የሚመርጠው ተፎካካሪ አቅርቡለት።