የድሬዳዋ ስታዲየም፡ ከጥጥ ማኅበር እስከ ሰው ሠራሽ ሳር

የድሬዳዋ ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው ባቡሩን፣ ሙቀቱን፣ የከዚራን የዛፍ ጥላና የታይዋንን ገበያ ነው። ኳስን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ይሁንና ይህች ከተማ በአንድ ወቅት ከአዲስ አበባና ከአስመራ ጋር የአገሪቱን እግር ኳስ ለሦስት ተካፍላ የያዘች፣ የአፍሪካ ዋንጫን ያስተናገደች፣ ክለቧም በአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ውድድር እስከ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ከተማ ናት።

ከዚህ ታሪክ ዛሬ በዓይን የሚታየው ዋነኛ ምስክር ስታዲየሙ ነው። ስታዲየሙ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ታድሷል፤ መብራት ተተክሎለታል፤ ሰው ሠራሽ ሳር ለብሷል። ስለ እድሳቱ በየመገናኛ ብዙኃኑ ብዙ ተብሏል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ማንሳት የምፈልገው ግን ብዙ ያልተባለለትን ጥያቄ ነው፤ ስታዲየሙ የታደሰው ለማን ነው? ለጥያቄው መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ኳስ ከሥራ ቦታ የወጣባት ከተማ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ወደ ሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ ቀድሞ ከተማ ባልነበረበት ሜዳ ላይ ጣቢያ ቆመ፤ በጣቢያው ዙሪያ ከተማ ተቆረቆረ። በመጀመሪያ “አዲስ ሐረር” የሚል ስም ነበራት። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ ተጨማሪ ዓመታት ስለወሰደ ድሬዳዋ ለረጅም ጊዜ የባቡሩ መጨረሻና የንግዱ መናኸሪያ ሆና ቆየች። ፈረንሣዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡና ሕንዱ ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከአማራው፣ ከጉራጌውና ከሐረሪው ጋር ጎን ለጎን ኖረባት። በኋላም በጣሊያን ወረራ ዘመን የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ተተከሉባት።

የከተማዋን እግር ኳስ ለመረዳት የክለቦቿን ስም ማየት ይበቃል። ጥጥ ማኅበር፣ ኢትዮ ሲሚንቶ፣ ምድር ባቡር። ሁሉም የመሥሪያ ቤት ስሞች ናቸው። በድሬዳዋ ክለብ ማለት የሥራ ቦታ ማለት ነበር። ተጫዋቹ ቀን በፋብሪካው ይሠራል፣ ማታ ልምምዱን ያደርጋል፣ ሰንበት ደግሞ ለፋብሪካው ማልያ ይሰለፋል። ደጋፊውም የሥራ ባልደረባው፣ የጎረቤቱ ልጅ ወይም የዘመድ ወዳጁ ነው። የክለቡ ገንዘብ፣ ተጫዋቹና ደጋፊው ከአንድ ግቢ ይወጡ ነበር ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ሕዝቡ “ኮተኒ” የሚለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክለብ፣ ጥጥ ማኅበር ነው። ጥጥ ማኅበር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1983 ደግሞ አምስተኛውን ዋንጫ ጨምሯል። በ1950ዎቹ ዓ.ም ከአዲስ አበባ ተነስቶ ድሬዳዋን ማሸነፍ እንደ ዛሬው ቀላል ነገር አልነበረም።

ከአገር ውስጡ ድል የሚበልጠው ግን ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነው። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ፣ ማለትም ዛሬ የአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ የምንለው ውድድር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ በጋና ዋና ከተማ በአክራ ለመጨረሻው ዙር ከተገናኙት አራት ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ነበር። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1965 ነው። ሌሎቹ ሦስቱ የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊው ስታድ ማሊያንና የጋናው ሪያል ሪፐብሊካንስ ነበሩ። ጥጥ ማኅበር በስታድ ማሊያን ተሸንፎ ከፍጻሜው ቀረ፤ ዋንጫውን ኦሪክስ ወሰደ። የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ክለብ በአህጉሩ ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ መሆኑ ዛሬ ላይ ሆነን ስናስበው ተረት ይመስላል።

ስድስት ጨዋታ፣ 18 ጎል

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች። በ1954 ዓ.ም ውድድሩ በአዲስ አበባ ብቻ ተካሄደ። በ1960 ዓ.ም አዲስ አበባና አስመራ ተጋሩት። በ1968 ዓ.ም ግን ሁለተኛዋ አዘጋጅ ከተማ ድሬዳዋ ሆነች። ወቅቱ አብዮቱ ከፈነዳ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነበት ነበር።

በድሬዳዋ የተደለደለው ምድብ ቀላል የሚባል አልነበረም። የወቅቱ ሻምፒዮን ዛየር፣ በ1962 ዓ.ም ዋንጫውን የወሰደችው ሱዳን፣ ናይጄሪያና ሞሮኮ ነበሩ። ዛየር በ1974 የዓለም ዋንጫ ላይ ተሳትፋ የተመለሰች፣ ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች የመጀመሪያዋ የዓለም ዋንጫ ተካፋይ ነበረች። ሞሮኮ ደግሞ አህመድ ፋራስን ይዛ መጥታለች፤ ፋራስ በዋዜማው ዓመት የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠ አጥቂ ነው።

የካቲት 22 ቀን 1968 ዓ.ም ናይጄሪያ ሻምፒዮኗን ዛየርን 4 ለ 2 ረታች። በዚያው ዕለት ሞሮኮና ሱዳን 2 ለ 2 ተለያዩ። የካቲት 25 ሞሮኮ ዛየርን፣ ናይጄሪያም ሱዳንን በተመሳሳይ 1 ለ 0 አሸነፉ። የካቲት 27 ሞሮኮ ናይጄሪያን 3 ለ 1 ስታሸንፍ ሱዳንና ዛየር 1 ለ 1 ወጡ። በስድስት ጨዋታ 18 ጎል ማለት ነው። ዛየር አንድ ነጥብ ብቻ ይዛ ከምድቡ ግርጌ ቀረች፤ የሻምፒዮንነት ዘመኗ በድሬዳዋ ተዘጋ። ሞሮኮ ከዚህ ምድብ አልፋ መጋቢት 5 ቀን በአዲስ አበባ ዋንጫውን አነሳች። ከዚሁ ምድብ ያለፈችው ናይጄሪያም ሦስተኛ ሆና ጨረሰች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የኢትዮጵያ ቡድን ምድቡ አዲስ አበባ ነበር። የድሬዳዋ ሕዝብ በምድቡ ጨዋታዎች ያየው የራሱን ብሔራዊ ቡድን ሳይሆን የሌሎችን ኳስ ነው። ዘንድሮም ድረስ የስታዲየሙ ዕጣ ይህ ይመስላል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ኳሱ የደበዘዘባቸው ዓመታት

ከአፍሪካ ዋንጫው በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በነሐሴ 1969 ዓ.ም፣ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ከባድ ውጊያ ተደረገ። ከተማዋ ተረፈች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታትም ኳሱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ የ1983ቱ (እ.ኤ.አ) ዋንጫ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ኳሱን ያዳከመው ጦርነቱ ሳይሆን የሥራ ቦታዎቹ መዳከም ነው ብዬ አምናለሁ። ኮተኒ የቀድሞ ጉልበቱን አጣ። የድሮው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መጓዙን ካቆመ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያው ከመሀል ከተማ ውጪ ነው። ፋብሪካው ሲዳከም ክለቡን የሚቀልብ በጀት ቀነሰ፤ ልጆቹን የሚያሰለፍ ማልያ ጠፋ። ቀስ በቀስም የክለቡ ባለቤት ከፋብሪካ ወደ ከተማ አስተዳደር ዞረ። በ2008 ዓ.ም ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገው “ድሬዳዋ ከተማ” የዚህ ለውጥ ምሳሌ ነው። ይህ በድሬዳዋ ብቻ የሆነ አይደለም፤ በመላ አገሪቱ የፋብሪካ ክለቦች ቦታቸውን ለከተማ ክለቦች ለቀዋል።

ሜዳውስ? የድሬ ልጅ ሜዳ አጥቶ አያውቅም ይባላል፤ ደቻቱ አለና። በጋ ላይ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ደረቅ አሸዋ የማይከፈልበት ትልቅ ሜዳ ነው። ይኸው አሸዋ ግን በ1998 ዓ.ም ክረምት በአንድ ሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። ደቻቱ ለልጆች ሜዳ ሆኖ የሚያገለግለው ሌላ ሜዳ ስለሌለ እንጂ ሜዳ ስለሆነ አይደለም።

እድሳቱና ምክንያቱ

ስታዲየሙ እንደገና ወደ አገር አጀንዳነት የተመለሰው በ2013 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አሠራሩን ቀየረ። ክለቦች በየከተማቸው እየተዘዋወሩ መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም ክለቦች ለተወሰኑ ሳምንታት በአንድ ከተማ ተሰባስበው እንዲጫወቱ ተደረገ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በተራ አስተናገዱ። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ በቀጥታ ይተላለፉ ጀመር። ለቴሌቪዥን የሚበቃ ሜዳ፣ መልበሻ ክፍልና መብራት ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ገፊ ምክንያት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ መስፈርት ነው። ካፍ የአገራችንን ስታዲየሞች ከደረጃ በታች ናቸው ብሎ ሲያግድ ዋልያዎቹ “የሜዳቸውን” ጨዋታ በሰው አገር ለመጫወት ተገደዱ። ጋናን በደቡብ አፍሪካ አስተናገዱ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፉትም በማላዊ ሊሎንግዌ ነው። ያን የመሰለ ድል አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ላይ ቢሆን ኖሮ ከተማው ምን ይሆን እንደነበር አንባቢ ይገምት።

ካፍ የሚጠይቀው ሳር ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ተመልካች የተለየ ወንበር፣ በቂ የመልበሻ ክፍሎች፣ የሕክምናና የአበረታች ንጥረ ነገር መመርመሪያ ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ፣ ለሌሊት ጨዋታ የሚበቃ መብራት ይፈለጋል። 18 ሺህ ያህል ተመልካች ይይዛል ለሚባለውና በሌላ ዘመን መለኪያ ለተሠራው የድሬዳዋ ስታዲየም ይህ ሁሉ ከባድ ሸክም ነው።

መብራቱ ለድሬዳዋ ከሌላው ከተማ ይልቅ ትርጉም አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። በቀትር ሱቅ የሚዘጋባት ከተማ ውስጥ በዘጠኝ ሰዓት ኳስ ማጫወት ለተጫዋቹም ለተመልካቹም ቅጣት ነው። ስለዚህ የምሽት ጨዋታ ለድሬ ጌጥ ሳይሆን አስፈላጊ ነገር ነው።

በ2017 ዓ.ም የውድድር ዘመን ደግሞ የሊጉ ጨዋታዎች በድሬዳዋ በሰው ሠራሽ ሳር ላይ ተካሄዱ። የሰው ሠራሽ ሳር ጥቅም ግልጽ ነው። ውኃ በሚያጥርበት ከተማ በየቀኑ መጠጣት አይፈልግም፤ የተፈጥሮ ሳር ከሚችለው በላይ ጨዋታ ይሸከማል። ጣጣም ግን አለው። በጠራራ ፀሐይ የሳሩ ገጽ ከአየሩ ሙቀት እጅግ በልጦ 60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ውኃ ሲረጭበት ቢበርድም ለጥቂት ጊዜ ነው። ዕድሜውም አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት ነው። የፊፋ የጥራት ማረጋገጫ ራሱ ዘላለማዊ አይደለም፤ ከፍተኛው ደረጃ በየዓመቱ፣ ቀጣዩ ደረጃ በየሦስት ዓመቱ በሙከራ መታደስ አለበት። ሳሩን መቦረሽ፣ መሙያውን ማስተካከል፣ የተቀደደውን መጠገን የዘወትር ሥራ ነው። በሌላ አነጋገር ዛሬ ሳር ያነጠፈ ከተማ ከአስር ዓመት በኋላ እንደገና ለማንጠፍ ከዛሬው መቆጠብ መጀመር አለበት።

ስታዲየሙ የማን ነው?

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ። እድሳቱ የመጣው ለእንግዳ ነው። ለተዘዋዋሪው ሊግ፣ ለቴሌቪዥኑ፣ ለካፍ ተቆጣጣሪዎች። ይህ በራሱ ነውር የለውም። እንግዳ ሲመጣ ሆቴሉ ይሞላል፣ ባጃጁ ይሠራል፣ የከተማዋ ስም በስክሪን ላይ ይታያል። ሆኖም ሁለት የሩቅ ከተማ ክለቦች በድሬ ምሽት ሲጫወቱ ወንበሩ ባዶውን ማደሩ አይገርምም። የጥጥ ማኅበር ደጋፊ የሥራ ባልደረባውን ሊያይ ነበር የሚመጣው። የዛሬው ተመልካች ማንን ሊያይ ይምጣ?

በእኔ እምነት የእድሳቱ ስኬት መለኪያ የካፍ ፈቃድ ብቻ መሆን የለበትም። ሰው ሠራሽ ሳር የተመረጠበት ዋናው ጥቅም ብዙ ሰዓት መጫወት መቻሉ ከሆነ ያ ሰዓት ለከተማዋ ልጆች መድረስ አለበት። እንግዳው ሊግ በሌለባቸው ወራት የየቀበሌው ታዳጊዎች፣ የሴቶች ቡድኖችና የትምህርት ቤቶች ውድድር በግልጽ መርሐ ግብር ተራ ቢይዙ ሳሩ በአገልግሎት እንጂ በጥበቃ አያረጅም። በ1999 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎች ሰፊ ግቢ ያላቸው ተቋማት የልምምድ ሜዳዎቻቸውን ቢያጋሩ ዋናው ሜዳ ከመጨናነቅ ይድናል፤ ልጆችም ከደቻቱ አሸዋ የተሻለ ቦታ ያገኛሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ማስታወሻ ነው። በ1968 ዓ.ም የተጫወቱት አራት አገሮች፣ ውጤቶቹ፣ የጥጥ ማኅበር አምስት ዋንጫዎችና የአክራው ጉዞ በስታዲየሙ መግቢያ ላይ በአንድ ሰሌዳ ቢጻፉ ከሳሩ ዋጋ አንጻር ወጪው ኢምንት ነው። አንድ ታዳጊ በዚያ በር ሲገባ የሚረግጠው ሣር የመጣበትን ፋብሪካ ሳይሆን፣ አያቱ የሠራበት ፋብሪካ ክለብ የት ድረስ እንደሄደ ቢያውቅ ይሻላል።

ድሬዳዋ ትልቅ ክለብ የነበራት ትልቅ ስታዲየም ስለነበራት አይደለም። ሠራተኛው ክለቡን የራሴ ስላለው ነው። ሳርና መብራት በገንዘብ ይገዛሉ፤ የባለቤትነት ስሜት ግን የሚመጣው በሩ ለከተማው ልጆች ሲከፈት ብቻ ነው።