መልኩ ያሳሳተ ዕጢ፦ ስሙን ለማግኘት የወሰደው ዘመን

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

ከእንጦጦ ጋራ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ታሪኩ ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1896 አዲስ አበባ ከገባው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ጋር ይያያዛል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የቀዶ ሕክምና በአገራችን ብዙ ርቀት ተጉዟል። ዕጢ ቆርጦ ማውጣት ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የወጣው ዕጢ ምን እንደሆነ ማወቅ ነው።

ጂስት የሚባለውን ብርቅዬ ካንሰር እንውሰድ። በአብዛኛው በጨጓራ፣ ቀጥሎም በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ይወጣል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጡንቻ ዕጢ ስለሚመስል፣ ለአሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ የጡንቻ ዕጢ እየተባለ ተመዘገበ። ቀዶ ሕክምና ካልደረሰበት ደግሞ የተለመደው ኬሞቴራፒ እምብዛም አይበግረውም ነበር።

በ1983 ማዙር እና ክላርክ የተባሉ ሐኪሞች ከእነዚህ ዕጢዎች ብዙዎቹ የጡንቻ ምልክት እንደሌላቸው አሳዩ። ትልቁ መልስ የመጣው በ1998 ነው። ጃፓናዊው ሴይቺ ሂሮታና ባልደረቦቹ በዕጢው ሕዋሳት ላይ ኪት የተባለ ፕሮቲን አገኙ። ይህ ፕሮቲን ሕዋሱን «ተባዛ» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ በጂስት ላይ ግን በርቶ አልጠፋም ብሏል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ ሄልሲንኪ ውስጥ በሽታው ጉበቷ ድረስ የተሠራጨ አንዲት ሴት ለደም ካንሰር የተሠራውን ኢማቲኒብ የተባለ ክኒን ጀመረች። ዕጢው በሳምንታት ውስጥ መቀነስ ጀመረ። በ2002 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ክኒኑን ለጂስት ፈቀደ፤ ፈቃዱ ግን የኪት ምርመራ ውጤታቸው ፖዘቲቭ ለሆነ ሕሙማን ነበር። ምልክቱ የመድኃኒቱ በር ቁልፍ ሆነ ማለት ነው።

ምርመራው እንዲህ ይሠራል። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል፣ በሰም ይደርቃል፣ በስሱ ይቆረጣል። ከዚያ ኪትን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመርበታል፤ ፕሮቲኑ ካለ ቡናማ ቀለም ይወጣል። ሲዲ117 የሚባለው ይኸው ነው። ከ100 ጂስቶች 95 ያህሉን ያሳያል። በ2004 የታወቀው ዶግ1 የተባለው ምልክት ደግሞ ከቀሩት የተወሰኑትን ይይዛል።

እኛ ዘንድስ? ይህ የቀለም ምርመራ በኢትዮጵያ በጥቂት ተቋማት፣ ያውም በአብዛኛው በመዲናዋ የተወሰነ ነው። ናሙና ወደ ውጭ መላክም ለዓመታት የተለመደ መፍትሔ ሆኖ ቆይቷል። ኢማቲኒብ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሆኖም ዕጢው «የጡንቻ» ተብሎ ከተጻፈ ክኒኑ መደርደሪያ ላይ ቢኖርም ለታማሚው አይታዘዝም።

ስለዚህ ስለ ካንሰር መድኃኒት ዋጋ ስንከራከር ስለ ፓቶሎጂ ላብራቶሪም እንከራከር። ክርክሩ ከቀዶ ጥገና ክፍል ይጀምር፤ በሰዓቱ ፎርማሊን ውስጥ ያልገባ ሥጋ ፕሮቲኑ ይበላሽና ምርጡ ላብራቶሪ እንኳ በትክክል ሊያነበው አይችልም። ፎርማሊን ደግሞ ከክኒኑ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

የጂስት ታሪክ የሚነግረን ይህንን ነው፦ በሽታው ያው ነበር፣ ሕሙማኑም ነበሩ። ሕይወት ማዳን የተቻለው ግን ዕጢው በትክክለኛ ስሙ ከተጠራ በኋላ ነው።