ተስፋ የተጣለበት ጀማሪ በምን ይመዘን?

ሐረር የኳስ ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ የተሰበሰበ ሰው ጨዋታውን ከየትም ቢጀምረው ዞሮ ዞሮ ኳስ ላይ ማረፉ አይቀርም። ክርክሩ ከሁሉ በላይ የሚጦፈው ደግሞ አንድ አዲስ ልጅ ብቅ ሲል ነው። ሁለት ጨዋታ ያማረለት ወጣት «የነገው ኮከብ» ተብሎ ይሾማል። በሦስተኛው ጨዋታ ኳስ ሲያባክን «እኔ ድሮም ብያለሁ» ባዩ ይበዛና ይሻራል። ሹመቱም ሽረቱም አንድ ወር አይሞላውም።

ደጋፊ መፍረድ መብቱ ነው። ይሁንና ፍርድ ማስረጃ ይፈልጋል። በትልቅ ከተማ የደጋፊ ጩኸት ስታዲየም ውስጥ ይቀራል። የጀጎል ግንብ የከበበው ቦታ ግን 48 ሄክታር ብቻ ነው። ከሰዓት ፈረስ መጋላ ላይ የተባለው ነገር ከእራት በፊት የልጁ እናት ጆሮ ይደርሳል። ውዳሴውን የሰማ ቤተሰብ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣው፣ ያልገባውን ውልም ሊፈርም ይችላል። ነቀፌታውን የሰማው ልጅ ደግሞ ጫማውን ሊሰቅል ይችላል። በመሆኑም ከተስፋ ቡድን አድጎ በዋናው ቡድን የመጀመሪያ ወይም የሁለተኛ ዓመቱን የሚጫወት ጀማሪ ሲመዘን ሊጠየቁ የሚገባቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ማየቱ ይጠቅማል።

ስንት ግብ? በስንት ጨዋታ?

ደጋፊ ቀድሞ የሚጠቅሰው ቁጥር የግብ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. ያስቆጠራቸው 24 ግቦች ለ16 ዓመታት ክብረ ወሰን ሆነው ቆይተዋል። ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. 25 አስቆጥሮ ክብረ ወሰኑን ሰበረው። አቡበከር ናስር በበኩሉ በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግቦችን አስቆጠረ።

ላይ ላዩን ሲታይ በጌታነህና በአቡበከር መካከል ያለው ልዩነት 4 ግብ ነው። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. ሊጉ 16 ክለቦች ስለነበሩት አንድ ክለብ 30 ጨዋታ ያደርግ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የተወዳደሩት 13 ክለቦች ሲሆኑ ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው 24 ጨዋታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥር ለአንድ የክለብ ጨዋታ ከአንድ ግብ በታች ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአንድ ግብ በላይ ነው። ልዩነቱ በ4 ከሚገለጸው ይሰፋል ማለት ነው።

ጀማሪውም በዚሁ መንገድ ይታይ። ስንት ደቂቃ ተጫወተ? ከግቦቹ ስንቱ ፍፁም ቅጣት ምት ነው? ያገባው በሰንጠረዡ አናት ባሉ ቡድኖች ላይ ነው ወይስ ለመውረድ በተቃረቡት ላይ? በ80ኛው ደቂቃ ተቀይሮ እየገባ 5 ግብ ያስቆጠረ ልጅ፣ ሙሉ ጨዋታ እየተጫወተ 8 ካስቆጠረው ሊበልጥ ይችላል።

ዕድሜው በእርግጥ ስንት ነው?

ይህ የማይወደድ ጥያቄ ነው። ሆኖም ከሁሉም ይቀድማል። በ17 ዓመቱ ከትልልቆች ጋር የሚታገል ልጅና በ22 ዓመቱ ያንኑ የሚያደርግ ወጣት እኩል ተስፋ የላቸውም። የመጀመሪያው ገና ጉልበት ይጨምራል፤ ሁለተኛው ዕድገቱን ጨርሷል።

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ የብዙ ልጆች ዕድሜ በወላጅ ቃል ወይም በትምህርት ቤት መዝገብ የሚታወቅ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 የዓለም ከ17 ዓመት በታች ዋንጫ ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማስመርመር የጀመረው ችግሩ የብዙ አገሮች በመሆኑ ነው። ምርመራው የአጥንቱ ማደጊያ መዘጋቱንና አለመዘጋቱን ያያል እንጂ የልደት ቀን አይናገርም። ዕድሜ መቀነስ ለአንድ ውድድር ሊጠቅም ይችላል። በኋላ ግን ቡድኑን ያሳግዳል፣ የተጫዋቹንም ስም ያበላሻል።

በትክክለኛ ዕድሜም ቢሆን ማስተዋል ያስፈልጋል። በአንድ የዕድሜ ምድብ ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደ ልጅ በመጨረሻ ከተወለደው እስከ 12 ወር ይበልጣል። በ13 ዓመት ይህ ብዙ ነው። አሠልጣኝ ትልቁን «ተሰጥኦ ያለው» ብሎ ሲመርጥ ትንሹ ሳይታይ ይቀራል።

ኳስ ሳይደርሰው ምን ያያል?

ተመልካች ዓይኑ ኳስ ላይ ነው። ጀማሪን መመዘን የፈለገ ግን ለአሥር ደቂቃ ልጁን ብቻ ይመልከት። ኳስ ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ ያያል? በግራ እግሩ የሚመጣን ኳስ ለመቆጣጠር ስንት ንክኪ ይፈልጋል? ኳስ ካበላሸ በኋላ ይመለሳል ወይስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል?

አሜሪካኖች በራሳቸው ፉትቦል ይህንን በውድ ዋጋ ተምረውታል። ኳርተርባክ የሚሉት ተጫዋች በማጥቃት ጊዜ ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረወር በሴኮንዶች ውስጥ የሚወስነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የጀማሪዎች ምርጫ አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ጀማርከስ ራስል በጠንካራ ክንዱ ቢደነቅም ከሦስት የውድድር ዓመት በኋላ ከሊጉ ወጣ። በ2000 በ199ኛ ደረጃ የተመረጠው ቶም ብራዲ ግን ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ክንድ በሜትር ይለካል። ውሳኔን ለመለካት ግን ጊዜና ዓይን ያስፈልጋል።

ስንት ጊዜ ተሰጠው?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ተረቱ ልጁን ለመናቅ ሳይሆን ሊጡን ለመጠበቅ ቢነገር ይሻላል። ፍሬዲ አዱ እ.ኤ.አ. በ2004 በ14 ዓመቱ በአሜሪካ ሊግ ሲሰለፍ ከፔሌ ጋር ተነጻጽሮ ነበር። በኋላ ከአሥር በላይ ክለቦች ቢዘዋወርም የተባለለትን ሳይሆን ቀረ። በአንጻሩ ጄሚ ቫርዲ እስከ 25 ዓመቱ በእንግሊዝ ዝቅተኛ ሊጎች ሲጫወት ቆይቶ በ2016 ከሌስተር ሲቲ ጋር የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ።

እኛም ምሳሌ አናጣም። በ1993 ዓ.ም. አገራችን ባስተናገደችው የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ ቡድናችን አራተኛ ወጥቶ አርጀንቲና ለተደረገው የዓለም ወጣቶች ዋንጫ አለፈ። እዚያ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታዎች ተሸነፈ። ያን ጊዜ «ወርቃማው ትውልድ» ያለም፣ «አበቃለት» ያለም ነበር። ዋናው ብሔራዊ ቡድን ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ግን በ2005 ዓ.ም. ነው። ከአንድ ውድድር ተነስቶ ስለ አንድ ትውልድ መፍረድ እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

መመዘኛ የሚሆን ጊዜ ስንት ነው ቢባል፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት በቋሚ አሰላለፍ ነው። ከዚያም ሁለተኛው ዓመት ይታያል። በመጀመሪያው ዓመት ተከላካይ አያውቀውም። በሁለተኛው ያውቀዋል፤ እውነተኛው ፈተናም ያኔ ይጀምራል። ጉዳትም በሒሳብ ይግባ። አቡበከር እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ከተዛወረ በኋላ ጉዳት ለረጅም ጊዜ ከሜዳ አርቆታል። ይህ የችሎታ ጥያቄ አልነበረም።

ማን ያስፈርመዋል? ማን ይጠቀማል?

ደጋፊው የማይጠይቀው፣ ለሐረር ግን ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ሐረር ቢራ በፕሪሚየር ሊጉ ይወዳደር በነበረበት ዘመን የከተማው ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ የሚያድግበት በር ነበረው። ክለቡ ከሊጉ ከወረደ ወዲህ ግን ተስፋ የታየበት ልጅ በአብዛኛው መንገዱ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዲስ አበባ ነው። ሲሄድ ቤተሰቡና ያሳደገው ቡድን ምን በእጃቸው ይዘው ይቀራሉ?

ሕጉ ባዶ እጃቸውን አይተዋቸውም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። በሕግ ፊት በስሙ የሚቆምለት ወላጁ ወይም ሞግዚቱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በላይ ውል መፈረም አይችልም። ጠባብ ከሆኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀርም ወደ ሌላ አገር ክለብ መዛወር አይፈቀድለትም። ስለዚህ ለ16 ዓመት ልጅ «የአምስት ዓመት ውል አመጣሁ» የሚል ደላላ ሲመጣ መልሱ አጭር ነው።

ያሳደገ ቡድንም ድርሻ አለው። ተጫዋቹ በውሉ ዘመን በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላ ክፍያው 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ይታሰባል። ለምሳሌ አንድ የሐረር ቡድን ልጁን ከ12 እስከ 18 ዓመቱ ቢይዘው ድርሻው 2.5 በመቶ ይሆናል። ዝውውሩ 400 ሺሕ ዶላር ቢሆን 10 ሺሕ ዶላር ማለት ነው። ለአንድ የሠፈር ቡድን ይህ የበርካታ ዓመታት ማሊያና ኳስ ነው።

ድርሻው የሚገኘው ግን ልጁ በፌዴሬሽን የተመዘገበበት ማስረጃ ካለ ነው። በቃል ያሳደገ በቃል ይመሰገናል፤ የሚከፈለው የመዘገበ ነው።

ማጠቃለያ

የሐረር ደጋፊ ዓይን አለው። የሚጎድለው መዝገብ ነው። የተጫወታቸውን ደቂቃዎች፣ ትክክለኛ ዕድሜውን፣ ውሳኔውን፣ የተሰጠውን ጊዜና የፈረመውን ውል ሳይጠይቅ «ኮከብ» ወይም «ባዶ» የሚል ሰው ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ራሱ ስሜት ነው የተናገረው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እህል ከፈሰሰ ይለቀማል፤ በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ጥሎ መጥፎ ውል የፈረመ ልጅ ግን በቀላሉ አይለቀምም። ስለዚህ በርጫው ላይ ክርክሩ ይቀጥል፤ አዲስ ስም በተነሳ ቁጥር ግን ከተሰብሳቢው አንዱ «ልጁ የት ነው የተመዘገበው?» ብሎ ቢጠይቅ ለልጁም ለከተማውም ከጭብጨባው በላይ ይጠቅማል።