ከሙስተንሲሪያ እስከ ሰመራ



ዐባሲያዊው ኸሊፋ አል-ሙስተንሲር በ631 ዓመተ ሒጅራ በባግዳድ የከፈቱት መድረሳ አራቱን መዝሀቦች በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባሰበ። ትምህርቱ፣ ኪታቡ፣ የተማሪው ማደሪያና ቀለቡ አብረው ታቀዱ፤ ወጪውም ከወቅፍ ተሸፈነ። ተማሪው ለዕለት ጉርሱ ሳይጨነቅ ለዒልም ተጋ።

በአገራችንም ሰመራ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ2011 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ለዩኒቨርሲቲዎች ቦርድ፣ ፕሬዚዳንትና ሴኔት ደንግጓል። ከዲቾቶ አርብቶ አደር ቤት ለምትመጣ ልጅ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ማደሪያዋ፣ የረመዷን ሱሑሯና የፈተናዋ ቀን በአንድ እቅድ ይታሰባሉን? ክፍሎቹ ካልተመካከሩ ሸክሙ በእሷ ላይ ይወድቃል።

ከቁርኣን ሱራዎች አንዱ «አሽ-ሹራ» ነው። እኛ ወላጆችም ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር እንመካከር። አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዒልም ይለግሳቸው። አሚን!