ለክፉ ቀን የተሰናዳ ቤት

የታሪክ ትምህርት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን ዘመንና የጦርነትን ቀን ነው። ተማሪዎቻችንም መቅደላንና ዐድዋን በዓመተ ምሕረታቸው ሊነግሩን ይችላሉ፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን አንዲት እማወራ ልጆችዋን ከሰኔ እስከ መስከረም በምን እንዳሻገረች ብንጠይቃቸው ዝም ይላሉ። እኔም በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር ይህን ዝምታ ደጋግሜ ስለ ሰማሁ፥ ጥፋቱ የተማሪዎቹ ሳይሆን የእኛ የመምህራኑ መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ጥቂት ገጽ ቢፈቀድልኝ፥ ሕዝባችን ቤቱን ለክፉ ቀን እንዴት ያሰናዳ እንደ ነበር፥ ስንዱው ቤት መቼ እንደ ዳነ፥ መቼስ ስንዱ ሆኖ ሳለ እንደ ወደቀ ለመጻፍ አስቤአለሁ።

በደጋውና በወይና ደጋው አገር የቤት መለኪያው ጎተራ ነበር። ጎተራ ከቀርከሃ ወይም ከልምጭ ይጎነጎናል፥ ውስጡና ውጭው በጭቃና በእበት ይመረጋል፥ ርጥበትና ምስጥ እንዳይደርስበት በድንጋይ ላይ ይቆማል፥ ራሱም እንደ ጎጆ በሣር ይከደናል። በቤት ውስጥ ደግሞ ከጭቃ የተሠሩ ጎታና ድብኝት አሉ። በአያቴ ቤት ጎተራው የአባወራው፥ ድብኝቱ የእማወራዋ ነበር፤ ከጎተራው ለግብር፥ ለዘርና ለገበያ ይወጣል፥ ከድብኝቱ ግን ያለ እርሳቸው ፈቃድ አንድ ቁና እንኳ አይሰፈርም። አያቴ ፊደል አልቈጠሩም፤ ሆኖም በየወሩ በትር ወደ ድብኝቱ ከተው የእህሉን መጠን ይለኩ ነበር። በበትሩም ላይ በቢላዋ የተቀረጸ ምልክት ነበር፤ እህሉ ከምልክቱ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ያን ዕለት ጀምሮ የእንጀራው ቍጥር ይቀነሳል፥ እኛ ልጆችም ለምን ብለን አንጠይቅም። እኔ በሒሳብ አያያዝ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ በየትኛውም መሥሪያ ቤት አላየሁም።

የእህሉም አቀማመጥ የራሱ ዕውቀት ነበረው። ጤፍ ከደቃቅነቱ የተነሣ ነቀዝ ስለማይደፍረው ለብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ ማሽላንና በቆሎን ግን ነቀዝ ይፈጃቸዋል። ስለዚህ አስተዋይ እማወራ ትልልቁን ፍሬ ከጤፍ ጋር ቀላቅላ ታስቀምጣለች፤ ጤፉ በፍሬው መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ተባዩ መላወሻ ያጣል። በምትፈልገው ጊዜ በወንፊት ትለየዋለች። ከዚህም በላይ የተነጠረ ቅቤ፥ ቋንጣ፥ ድርቆሽ፥ በሶና ጭኮ ሁሉ ሳይበላሹ እንዲቈዩ የተዘጋጁ ምግቦች ናቸው። ስለ ጾምም አንድ ነገር ላንሣ፤ ቤተ ክርስቲያን ጾምን ያዘዘችው ለነፍስ እንጂ ለኪስ አይደለም፤ ነገር ግን የዓመቱን እኩሌታ ያህል ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ መዋል የለመደ ቤት ገበያ በተወደደ ጊዜ እንደ ሌላው አይደናገጥም።

ጎተራ የሁሉም አገር አይደለም። በሐረርጌ ገበሬው ማሽላውን በምድር ውስጥ ይቀብራል፤ ጕድጓዱ አፉ ጠባብ፥ ሆዱ ሰፊ ሆኖ እንደ ገንቦ ይቈፈራል፥ በላዩም ዐፈር ይደፈናል። በግድግዳው አጠገብ ያለው እህል በርጥበት ይበላሻል፥ መካከለኛው ግን ይቈያል፤ ሌባም ሆነ ዘራፊ ወታደር በቀላሉ አያገኘውም። በጉራጌ፥ በሲዳማ፥ በጌዴኦ፥ በሐዲያና በከምባታ ደግሞ የቤቱ ስንቅ በጓሮ የቆመው እንሰት ነው። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን የመከር ወራት አይጠብቅም፥ በተፈለገ ጊዜ ይነቀላል። ሴቶቹ ፍቀው በጕድጓድ የቀበሩት ቆጮም ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። በ1977 ዓ.ም. በሰሜኑ አገራችን ያ ታላቅ ረኃብ በደረሰ ጊዜ የእንሰቱ አገር ጕዳቱ የቀለለው በዚህ ምክንያት ነው ብለው የጻፉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ሆኖ ሳለ በታሪክ መጻሕፍታችን አንድ ገጽ አለማግኘቱ ያሳዝናል።

እንግዲህ እንዲህ የተሰናዳ ቤት ስለ ምን ወደቀ? መልሱን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከነበረው፥ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው ከሰየሙት ዘመን እናገኘዋለን። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት ደስታ የተባለው በሽታ ገባ። (እንዲህ ላለ መቅሠፍት እንዲህ ያለ ስም መሰጠቱ ያስደንቃል።) በሽታው በአጭር ጊዜ አገሩን አዳረሰ፤ ከከብቱ ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በዚያው ላይ ዝናሙ ተቋረጠ፥ አንበጣና ተምችም የቀረውን በላ። በሽታው በኢትዮጵያ ብቻ አልቆመም፤ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳይን ሕዝብ ከብት ፈጀ፥ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ እስከ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ይኸው በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

የማስተምራቸውን ተማሪዎች እዚህ ላይ አቆማቸዋለሁ። በሽታው የገደለው በሬን እንጂ እህልን አይደለም፤ በጎተራው ያለው እህል በዚያ ቀን እንደ ነበረ ነበር። ታዲያ ረኃቡ ከየት መጣ? በሬ የሌለው ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት አያርስም፤ ያላረሰ ደግሞ የሚያስገባው የለውም። ጎተራው ለአንድ ክፉ ዓመት ነበር የተሠራው፥ የመጣው ግን በተከታታይ ነው። ሀብታም የሚባለው ሰው ሀብቱ ሁሉ በበረት ስለ ነበር በአንድ ወር ከድኻው ጋር ተካከለ። ሌላም አለ፤ በዚያ ዘመን ወታደር በባላገር ቤት ይሰፍር፥ ቀለቡንም ከባላገሩ ይበላ ነበርና ስንዱው ቤት ቀድሞ ተራቈተ። አጤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር መኳንንቱ በእጃቸው እንዲያርሱ አርኣያ እንደ ሆኑ፥ ከመንግሥቱም ጎተራ እህል እንዳደሉ ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። እኔ ስለ ዶማው ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ከበሬ በቀር የማረሻ ዘዴ እንዳለ ማመን ለዚያ ዘመን ሰው ቀላል አልነበረም።

በዚያ ረኃብ ጠገራ ብር ያከማቸ ሰውም አልዳነም፤ የእህል ዋጋ በብዙ እጥፍ ስለ ናረ ብሩ ጥቂት ቁና ብቻ የሚገዛ ሆነ። ከዚህ ዘንድ ወደ ገንዘብ ታሪክ እንለፍ። ቀድሞ አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ርጥበት ስለሚያሟሟው እማወራዋ ከምድጃው በላይ በጢስ ትሰቅለው ነበር። ጠገራ ብር፥ ማለት በአውሮጳ አቈጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር፥ በገንቦ ሆኖ በምድር ይቀበር ነበር። ባንክ በአዲስ አበባ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፥ ለባላገሩ ምድሪቱ ከባንክ ይልቅ የታመነች ሆና ለብዙ ዘመን ኖረች።

ባላገሩን አላዋቂ ብለን እንዳንነቅፈው ከ1928 እስከ 1937 ዓ.ም. ያሉትን ዓመታት እንመልከት። በ1928 ኢጣልያ አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ ሊሬ በግድ ታወጀ፤ ሕዝቡ ግን ወረቀቱን ስላላመነ ብሩን ሸሸገ። ከነጻነት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ መጣ፤ በ1937 ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። እንግዲህ አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ጠገራውን፥ ሊሬውን፥ ሽልንጉንና አዲሱን ብር በእጁ አገላብጧል ማለት ነው። ሊሬ ያጠራቀመ ከሰረ፤ ጠገራውን የቀበረ ብሩ ክብደት ስለ ነበረው አተረፈ። በዚህ ያልተጠራጠረ ሰው በምን ሊጠራጠር ነው? ከዚያም ወዲህ በ1969 ዓ.ም. የወረቀቱ ብር ተለወጠ፤ በ2013 ዓ.ም. መስከረምም እንደ ገና ሲለወጥ አሮጌውን ለማስረከብ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር።

ይህን ታሪክ የማስተምረው እኔ ራሴ ግን አልተማርሁበትም። ለጎጆአችን ክዳን የሚሆን ቆርቆሮ ለመግዛት ባለቤቴና እኔ ከደመወዛችን እየቀነስን ሦስት ዓመት ያህል በባንክ አጠራቀምን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ ገንዘባችን በቍጥር እንደ ነበረ ሆኖ የሚገዛው ቆርቆሮ ግን እጅግ አነሰ። የጐረቤታችን የአንደኛ ደረጃ መምህር ግን በየወሩ አንድ አንድ ቆርቆሮ እየገዛ በአልጋው ሥር ያኖር ነበር። ስንቀልድበት ኖረናል፤ አሁን በቤቱ ውስጥ ዝናም የማይገባበት እርሱ ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አትናገርም፤ ዝናም በዘነበ ቍጥር ግን ሳፋውን የምታስቀምጠው ከእኔ ወንበር አጠገብ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፥ ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፥ የሕዝብ ሀብት ምንጩ ሥራና ዕውቀት እንጂ የተከማቸ ብር አለመሆኑን አስረድተዋል። ሕዝቡም ይህን በራሱ መንገድ ያውቀው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከጎተራና ከገንቦ ሌላ በሰው ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ደቦና ወንፈል የጕልበት ቍጠባ ናቸው፤ ዛሬ የሠራሁልህን ነገ ትሠራልኛለህ። ዕቁብ የገንዘብ፥ ዕድር ደግሞ የሐዘን ቍጠባ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ዕድር የአንዱን ቤት ሐዘን ለመቶው ቤት ያካፍላል እንጂ መቶው ቤት በአንድ ቀን ሲያዝን የሚያካፍልበት የለውም፤ በክፉ ቀን ዘመን ሙታን ቀባሪ ያጡትም ስለዚህ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት እንላለን፤ ረኃቡ ሰፊ ሲሆን ግን የሩቁ ዘመድ፥ ዝናም የዘነበበት አገር ያለው፥ ይሻላል።

ባለፈው ዓመት ለዕጩ መምህራኑ የዕረፍት ጊዜ ሥራ ሰጥቼ፥ ከየቤታቸው ሽማግሌ ወይም አሮጊት ስለ ስንቅ አያያዝ ጠይቀው እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። ጽሑፋቸው በጣም ያስደስት ነበር። ከጉራጌ የመጣችው ተማሪ እናትዋ ለእርስዋ ሠርግ የሚነቀሉትን እንሰቶች ገና በሕፃንነትዋ ለይተው እንደ ተከሉ ጻፈች። ከጎጃም የመጣው የዘር እህል በተራበ ቤት እንኳ እንዳይነካ፥ ስልቻው በካህን ቤት በአደራ ይቀመጥ እንደ ነበር ገለጠ።

ከሐረርጌ የመጣው ወጣት ያመጣው ወረቀት ግን ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። አያቱ የእህል ጕድጓድ ሲከፈት ወዲያው እንዳይገባበት፥ የታፈነው አየር ሰው ይገድላልና አስቀድሞ ፋኖስ በገመድ እንዲወርድ፥ ፋኖሱ ከጠፋም እንዲጠበቅ አስተምረውታል። ቀጥሎም የአያቱ አባት በአንድ የጦርነት ዓመት ማሽላቸውን ማታ በስውር ቀብረው፥ ቦታውን ለማንም ሳይናገሩ በስደት እንደ ሞቱ ጻፈ። ቤተ ሰቡ ተመልሶ ማሳውን በዶማ ቢፈልግ አላገኘውም፤ ያንንም ዓመት ከሰው እየለመነ አሳለፈ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ በሬ በማረስ ላይ ሳለ የፊት እግሩ በድንገት ወደ ምድር ሰጠመ። አውጥተው ቢያዩት ጕድጓዱ ከቤታቸው ደጃፍ ሃያ ርምጃ ያህል ነበር፤ እህሉም እንደ ከሰል ጠቍሮ አገኙት።