የወላይታና የዳውሮ የድንጋይ ካቦች

ከሐዋሳ ተነሥቶ የብላቴን ወንዝ የሚሻገር መንገደኛ በዲምቱ በኩል አልፎ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ከምትገኘው ወላይታ ሶዶ ይደርሳል። ጉዞውን ወደ ምዕራብ ቢቀጥል የኦሞን ወንዝ ተሻግሮ ዳውሮ ይገባል። ወንዙ በሚለያቸው በእነዚህ ሁለት ዞኖች የጥንት ነገሥታት ግዛታቸውን ከወራሪ ለመከላከል ያሠሯቸው የድንጋይ ካቦች ይገኛሉ። የወላይታው በካዎ አማዶ፣ የዳውሮው በንጉሥ ሃላላ ስም ይጠራል፤ «ካዎ» በወላይትኛ ንጉሥ ማለት ነው።

ካቦቹ ዘወትር ከቻይናው ታላቁ ግንብ ጋር ይነጻጸራሉ። ንጽጽሩ ለማስተዋወቅ ቢረዳም ጎብኚውን ያሳስታል። የቻይናው ግንብ በልዩ ልዩ ሥርወ መንግሥታት የተሠሩ ክፍሎቹ በአንድነት ሲለኩ ከ21,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በሚንግ ዘመን የታነጹት ዝነኛ ክፍሎቹም በጡብና በኖራ የተያያዙ ናቸው። 13.7 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው የሺያን ከተማ ቅጥር አናት ላይ ዛሬ ጎብኚዎች በብስክሌት ይዘዋወራሉ። የዳውሮው ካብ ግን፣ ርዝመቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተካበ ነው። ጸንቶ የቆመው በካቢዎቹ ብልሃትና በድንጋዮቹ ክብደት ብቻ ነው። በላዩ መራመድ አይቻልም።

የካቡ ሌላ መጠሪያ «ኬላ» መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ካቡ ሰውን ሁሉ የሚያግድ አጥር አልነበረም፤ በሮች ነበሩት፣ በሮቹም ጠባቂዎች ነበሯቸው። የአካባቢው አረጋውያን እንደሚተርኩት የዳውሮው ካብ በአንድ ንጉሥ ዘመን አልተሠራም፤ ቀደምት ነገሥታት የጀመሩትን ሃላላ ፈጸመው። የወላይታ ነገሥታት አገዛዝ በበኩሉ በ1887 ዓ.ም. በካዎ ጦና ዘመን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ ካቦቹ የመከላከያ አገልግሎት አልሰጡም፤ ያለ ጣሪያና ያለ ቅጥር ግቢ በእርሻና በግጦሽ መሬት መካከል የቆሙ ቅርሶች ሆነዋል።

ይህ አቀማመጥ ለጎብኚ መልካም፣ ለቅርሱ ግን አስጊ ነው። ማያያዣ የሌለውን ድንጋይ ለቤት መሠረት ወይም ለአጥር ማንሳት ቀላል ነው። በቻይናም የግንቡ ጡብ ለዘመናት ለቤትና ለበረት መሥሪያ ሲወሰድ ኖሯል፤ አገሪቱ ይህን የሚከለክል ራሱን የቻለ ደንብ ያወጣችው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በኢትዮጵያ ቅርሶች በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥበቃ ይደረግላቸዋል። በቁፋሮ ወይም በእርሻ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ወላይታ ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ዳውሮ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ስለሚገኙ ሁለቱንም ካቦች ለማየት የሚሻ ጎብኚ አስቀድሞ የየዞኑን የባህልና ቱሪዝም መምሪያ ቢያነጋግር ይመረጣል። በዳውሮ በኩል በገበታ ለሀገር የተገነባውና ስሙን ከካቡ የወሰደው ሃላላ ኬላ ሪዞርት የማረፊያ አገልግሎት ይሰጣል። ጎብኚዎች በካቡ ላይ ከመውጣትና ድንጋይ ከቦታው ከማንቀሳቀስ እንዲቆጠቡ፣ የወደቀውንም ራሳቸው መልሰው ለመካብ እንዳይሞክሩ ይመከራል፤ ድንጋዩ የወደቀበት ስፍራ ለጥገና ባለሙያዎች መረጃ ነው።