አልዩ አምባ፦ መንገድ የሠራት፣ መንገድ የረሳት

ከአንኮበር ተራራ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው፣ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ይታየዋል። በዚያ ቁልቁለት ላይ፣ በአንዲት ጉብታ የተቀመጠች ትንሽ መንደር አለች፤ አልዩ አምባ ትባላለች። የወረዳ መቀመጫነት እንኳ የላትም፤ እርሱ የጎረቤላ ነው። ከ180 ዓመታት በፊት ግን ሸዋ ከባሕር ማዶ ጋር የሚገናኝባት ደጅ እርሷ ነበረች።

ስሟ ራሱ ጠባይዋን ይናገራል። «አልዩ» የሙስሊም ስም ነው፤ «አምባ» ደግሞ የደገኛው ቃል። በመንደሯ ይኖሩ የነበሩት በንግድና በሽመና የታወቁት፣ ታሪካቸው ከጥንቱ የይፋት ሱልጣኔት ጋር የተሳሰረው አርጎባዎች ናቸው። ከእነርሱ ጋር የሐረር ነጋዴዎችና እስከ ታጁራ የሚመላለሱ የአፋር ቅፍለኞች ይሰነብቱባት ነበር። ከላይ በአንኮበር ክርስቲያኑ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ነግሦአል፤ ከታች የንጉሡን ጠመንጃና ጨርቅ በግመል ጭኖ የሚያመጣው ሙስሊሙ ነጋዴ ነው። አንዱ ያለሌላው አይሆንለትም። ስለዚህም ይህን የምሥራቅ በር የሚጠብቀው የንጉሡ ሹም ወላስማ የተሰኘውን የጥንት የይፋት ማዕረግ የያዘ ሙስሊም ነበር።

ገበያዋ ዓርብ ዓርብ ይቆማል። ከቆላው ጨው፣ ከባሕር ማዶ ጨርቅና ዶቃ፣ ከደቡብ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይገባል። ገንዘብ በመቁጠር እንጀራውን እንደሚበላ ሰው፣ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ መገበያያው ነው። አሞሌ ጨው ከተቆረጠበት በረሓ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናብ ካገኘው ግን ይሟሟል። ማርትሬዛ ብር ደግሞ ንግሥቲቱ ያረፈችበትን 1780 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እንደ ተሸከመ ከኦስትሪያ ድረስ ይመጣል። የሚቀበለው ሰው የዘውዷን ፈርጦችና የትከሻ ጌጧን ነጥቦች አንድ በአንድ ሳይመረምር እሺ አይልም።

በዚህ በር የገቡ የውጭ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። ሚሲዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ በ1839፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሐሪስ በ1841 ከታጁራ ተነሥተው ሸዋ ደረሱ። ሐሪስ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከንጉሡ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን በ1842 በመንደሯ ተቀምጦ የዕለት ኑሮዋን መዘገበ።

ከአልዩ አምባ አቅራቢያ አብዱል ረሱል የሚባል ሌላ ገበያ ነበር፤ የሚሸጠው ሰው ነው። ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ተነድተው የመጡ ልጆችና ወጣቶች ከዚያ ወደ ታጁራ፣ ከታጁራም ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ዐረብ አገር ይወሰዱ ነበር። የአሞሌው ምንዛሪ በተጓዦች መጽሐፍ ተጽፎ ቆይቶናል፤ በዚያ ገበያ ያለፉት የአብዛኞቹ ስም ግን የትም የለም። የመንደሯን ሀብት የምናወሳ ሁሉ ይህንን ማስታወስ ይገባናል።

መንገድ ያመጣውን መንገድ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1886 አዲስ አበባ ተቈረቈረች። በጥር 1887 ምኒልክ ሐረርን ያዙ። በቀጣዩ ወር፣ ገና በወጣትነቱ ግጥም መጻፍ ያቆመው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ 2,000 ያህል ጠመንጃ አስጭኖ ከታጁራ በዚሁ የቅፍለት መንገድ አንኮበር ደረሰ። ንጉሡን ግን አላገኛቸውም። እስከ እንጦጦ ተከትሎ ሄዶ፣ ጠመንጃውን በወረደ ዋጋ አስረክቦ፣ በሐረር በኩል ተመለሰ። አመጣጡ በአሮጌው መንገድ፣ አመላለሱ በአዲሱ ነበር። የሸዋ ንግድም እንደ እርሱ ፊቱን ወደ ሐረር አዞረ። በ1917 ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ፣ የአልዩ አምባ ግመሎች ከሸዋ ንግድ ዳር ቀሩ።

መንደሯ ግን አልፈረሰችም። ነጋዴው ሲሄድ ሸማኔውና ገበሬው ቀሩ፤ ከላይ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ ከታች የመስጊዱ አዛን እንደ ተጐራበቱ ቀሩ። እኛ ታሪካችንን በቤተ መንግሥት መቁጠር ለምዶብናል፤ አንኮበር ሲነሣም የምናስበው የነገሥታቱን ግቢ ነው። ያንን ግቢ ያለበሰው ጨርቅና ያስታጠቀው ጠመንጃ ግን በአልዩ አምባ በኩል የወጣ ነው። የአንኮበርን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከተራራው ወርዶ እስከ ዓርብ ገበያዋ፣ ከዚያም አልፎ እስከ አብዱል ረሱል ካልደረሰ፣ የጻፈው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው።